እስከ ጊንጪ

ባለፈው እሁድ ልጄ ምሳ ጋብዛኝ ነበር። ምሳው ጥሩ ነበር፤ ቀይ ወጡም እኔ እንደምወደው በርበሬው በርከት ብሎበታል። ነገር የመጣው ልሄድ ስነሳ ነው። ልጄ ስልኳን አወጣች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «አባዬ፣ ነጭ ቪትዝ ናት፤ አራት ደቂቃ ቀርቷታል፣ ታች ጠብቃት» አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ በሩም ተዘጋ። ደረጃውን ብቻዬን ወረድኩ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንዲያውም ከልጆቼ ሁሉ አብዝታ የምታስብልኝ እሷ ናት፣ መኪናው የት እንደደረሰ እንኳ እቤቷ ሆና በስልኳ ስትከታተል ነበር አሉ። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዞር ብል የሚያውለበልብልኝ እጅ አጣሁ። ሆዴ ባባ። በዚህ ዕድሜ ስለ እጅ መውለብለብ ሆድ ሲብስ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ባሰኝ። ያን ጊዜ ነው ገመቹ ትዝ ያለኝ።

ገመቹ የአምቦ ልጅ ነው። ጓደኛሞች የሆንነው ሁለታችንም ጢም ሳናበቅል፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገና የእርሻ ትምህርት ቤት በነበረበት ዘመን ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የሄድኩ አዳሪ፣ እሱ ከእናቱ ቤት የሚመላለስ የከተማ ልጅ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ልሸኘው ብዬ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አብሬው እሄዳለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ደግሞ «አንተ ለአገሩ እንግዳ ነህ፣ ብቻህን አትመለስም» ይልና እስከ ግቢው በር ይመልሰኛል። እኔም እንደገና እሱን። የበሩ ዘበኛ «እናንተ ልጆች፣ ኧረ አንዳችሁ እንኳ ቤታችሁ ግቡ!» እያለ ይጮህብን ነበር። ትምህርቱ አለቀና እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ጂኦግራፊ ሳስተምር ጸጉሬ ነጣ፤ እሱ ከዚያው ግቢ ንቅንቅ ሳይል በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ሲያወጣና ሲመልስ ኖረ። በሠርግና በለቅሶ ካልሆነ አንገናኝም ነበር። በደንብ የተገናኘነው ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው፤ ዐሥር ዓመት አልፎታል፣ ትንሽም ሳይበልጠው አይቀርም።

ያኔ አምቦ መሄድ ሽርሽር ነበር። በጠዋት አስኮ መናኸሪያ እደርሳለሁ፣ ለረዳቱ አንድ መቶ ብር እሰጥና ጠቀም ያለ መልስ እቀበላለሁ። የዛሬውን ዋጋ አልጽፈውም፤ ጠዋት የጻፍኩት ማታ ያረጃል። ካሴት ቀርቶ ሁሉ ነገር በፍላሽ የሆነበት ጊዜ ነው። ሹፌሩ ጥፍር የምታህል ፍላሽ ቴፑ ላይ ይሰካና የኦሮምኛውን ዘፈን እስከ መጨረሻ ይለቀዋል። ሆለታ ስንደርስ ከጎኔ ያለው ተሳፋሪ ትከሻው መነቃነቅ ይጀምራል፤ አዲስ ዓለምን ስናልፍ የእኔም። ጊንጪ ላይ ቆም ሲል ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በመስኮት ያቀብሉናል፤ ትንሽዬ ፌስታል ሙሉ በአምስት ብር ነበር፣ ሚጥሚጣው በነጻ። ከዚያ ጤፉና ስንዴው በግራና በቀኝ እየሸሸ አምቦ ይገባል፤ መናኸሪያው በር ላይ ገመቹ ቆሟል። ቡናማ ኮት፣ ጠርዙ የነተበ ባርኔጣ፣ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ። ጡረታ ወጥቶም እስክሪብቶዎቹን ጡረታ አላወጣቸውም። «በጋ ነጋን ዱፍቴ!» ይለኛል፤ እንኳን በደህና መጣህ ማለቱ ነው። ከዚያ የእኔን ጤና፣ የልጆቼን ጤና፣ የጎረቤቶቼን ጤና፣ በሕይወት ያለ ሰው ሲያልቅበት የከብቱንና የዝናቡን እየጠየቀ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሰላምታው አያልቅም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከብት የለኝም፤ እሱ ግን ከመጠየቅ አይመለስም።

የበሩን አካባቢ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችላለሁ። «ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን» የሚሉ ጠባብ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው፣ ሰማያዊ ባጃጆች ተራ ይዘው፣ ሱሪያቸው እግራቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ወንዶች ልጆች መመረቂያ ጽሑፋቸውን አቅፈው ሲሯሯጡ። ጥጉ ላይ አቮካዶና ማንጎ የሚደራርብ ጁስ ቤት ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ስፕሪስ በሁለት ማንኪያ ስንበላ ተማሪዎቹ ይሥቁብናል። ገመቹ ግን ግቢውን እንደ ገዛ ጓሮው ነው የሚያስጎበኘኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይዞኝ ይገባል፣ አዲሶቹ ሠራተኞች «ኦቦ ገመቹ!» ብለው ይነሡለታል፣ እሱም አጸፋውን እየመለሰ በመንገዱ የተንጋደደ መጽሐፍ ካየ ሳያቃና አያልፍም። ከዚያ ወደ ፍልውሃው ወርደን መዋኛው ዳር እንቀመጣለን። ወንጪ ሐይቅ በጀልባ እንሄዳለን ብለን በየዓመቱ እንቀጣጠር ነበር፤ ወንጪ አሁንም እዚያው ነው።

ዋናው ነገር ግን መሸኘቱ ነበር። ሌላ ሰው እንግዳውን እስከ በር ይሸኛል፤ ጨዋ የሆነ እስከ መናኸሪያ። ገመቹ እስከ ጊንጪ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ መናኸሪያ ደርሰን፣ ተሳፍሬ፣ «በል ደህና ሁን» ስለው ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። «የት ልትሄድ ነው?» አልኩት። «ሲን ገጌሳ፣ ልሸኝህ ነዋ!» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። ጊንጪ ሥራ ያለው መስሎኝ ነበር። የሰላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ጊንጪ ስንደርስ ሻንጣዬን ይዞ ወረደ፤ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባን፤ ሁለት ሻይ አዘዘ፣ የእኔን ስኳር ሳይጠይቅ ሦስት ማንኪያ አድርጎ አማሰለልኝ። በአዳሪነቴ ዘመን ሦስት እንደምጠጣ ያውቅ ነበርና። ሻዩ ሦስት ብር ነበር፤ ማን ይክፈል በሚለው ግን የሠላሳ ብር ጭቅጭቅ ተጨቃጨቅን። ጠጥተን ስንጨርስ እኔን የአዲስ አበባ መኪና ላይ አሳፍሮ እስክርቅ ድረስ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ ቆየ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ አምቦ የሚመለስ መኪና ጠበቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ሻይ ቤቷን የምታስተዳድረው ሴትዮ ገና ከመኪና ስንወርድ ሁለት ብርጭቆ ታወጣ ጀመር። እኔ ሰዓት አክባሪ ሰው ነኝ፤ በደወል የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ቀጥታ ተሳፍሬ ብሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማተርፍ አውቃለሁ። አንድ ሁለት ጊዜም ነግሬዋለሁ። «ሰዓቱን አትርፈህ ምን ልትገዛበት ነው?» ነበር መልሱ።

ከዚያ ጉልበቱ ታመመ። የግራ ጉልበቱ መጀመሪያ፣ ቀጥሎም የቀኙ። መኪና ላይ ሲወጣ በሩን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሲወርድ ላብ ግንባሩ ላይ ቸፍ ይላል። ሚስቱ አዴ ጫልቱ «ሐኪሙ እረፍ ብሎታል፣ እሱ ይሰማል?» እያለች ታማዋለች። እኔም አሰብኩ፤ ያን ጊዜ በማሰቤ ራሱ ኮርቼ ነበር። እቤታቸው ባደርኩበት አንድ ጠዋት፣ እነሱ ሳይነሡ፣ ከአልጋዬ ተነሣሁ። ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሻንጣዬን በሌላው አንጠልጥዬ፣ በካልሲ ወጣሁ። ከስኳሩ ጣሳ ሥር «ገሜ፣ ጉልበትህን ላሳርፈው ብዬ ነው፤ እደውላለሁ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ትቻለሁ። ጫማዬን ያሰርኩት አጥሩን ካለፍኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን መኪና አገኘሁ። ጊንጪ ላይ የሚወርድ ሰው ስላልነበረ ሳንቆም አለፍን፤ ሻይ ቤቷን በመስኮት አይቼ «ዛሬስ ገላገልኩት» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሄን አልክድም።

ማታ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ጫልቱ ናት።

«ኦቦ ታደሰ፣ ምን አደረጉን?» አለች።

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል! እንደነቃ ወረቀቱን አየ። አነበበው አልልም፤ መነጽሩንም አላደረገ። ጋቢውን እንደለበሰ ባጃጅ ጠርቶ ወደ መናኸሪያ ወጣ። ጊንጪ ደርሷል።»

«ጊንጪ?»

«ኤዬ፣ ጊንጪ! ታደሰ ሻይ ሳይጠጣ አያልፍም ብሎ ነዋ! ሁለት ሻይ አዝዞ እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ። ከአምቦ የመጣ መኪና በቆመ ቁጥር እየተነሣ በዚያ ጉልበቱ... የእርስዎን ሻይ ሁለት ጊዜ አስቀይሮታል፣ እንዳይቀዘቅዝ።»

«እስቲ አቅርቢልኝ» አልኳት። ከኋላዋ ድምፁን ሰማሁት፤ «የለም በይው» አለ። ዕድሜ ልኩን አንድ ውሸት ያልሰማሁበት ሰው በዚያ ምሽት ስልክ ላይ ዋሸኝ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ። ወይ «ጓሮ ነው» ትለኛለች፣ ወይ «ተኝቷል»። ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብዬ ስነሳ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ደግሞ ተዘጋ። ስለዚያ ጊዜ የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማውቀው ሻንጣዬን ይዤ ሁለት ጊዜ ከአስኮ መናኸሪያ መመለሴን ነው። ኔትወርክም ጠፋ፣ ለሳምንታት፣ ከዚያም ለወራት። ስልኩን አንስቼ የማይጠራ ቁጥር እደውል ነበር። ያን ጊዜ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነበር፦ ገመቹ በዚህ መሀል አንድ ነገር ቢሆን በመካከላችን የመጨረሻው ነገር ያ ቁራጭ ወረቀት ሆኖ መቅረቱ። እንቅልፍ ሲነሳኝ ያንን ወረቀት በሐሳቤ እንደገና እጽፈው ነበር፣ አሳምሬ። ግን ምንም ቢያሳምሩት ያው ነው፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጥቻለሁ።

ስልኩ ሲመለስ ቀድማ የደወለችው ጫልቱ ሆነች። ገመቹን ስትሮክ ግራ ጎኑን መቶት ነበር፤ እጁም እግሩም። «ይናገራል?» አልኳት። «መናገርማ ይናገራል፣ ከበፊቱ ብሶበታል» አለችኝ። ሣቅኩ፣ ከዚያም አለቀስኩ፣ እሷም እንደዚያው። «ልምጣ?» አልኩ። «እኔ ኑ ብያለሁ፤ እሱን አልጠየቅኩም» አለች።

አምና መንገዱ ሰላም ሆነ ሲባል ሄድኩ። አስኮ ያው ግርግሩ ነው፤ ፍላሹ ቀርቶ ሹፌሩ ዘፈኑን ከስልኩ ያጫውታል፤ ድንቹ አሁንም ጊንጪ ላይ በመስኮት ይመጣል፣ ፌስታሉ ግን ቀሏል። መናኸሪያው በር ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው አልነበረም። እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቆሜ ፈለግኩ። ባጃጅ ይዤ በፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በኩል አለፍኩ፤ ጁስ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል።

ጫልቱ በሩ ላይ አቅፋ ተቀበለችኝ። ገመቹ በረንዳው ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ቆሟል። ከስቷል። ሁለቱ እስክሪብቶዎች ግን በኪሱ አሉ። እጄን ያዘ፤ ጤናዬን ጠየቀ፣ የልጆቼን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ። ሁሉንም ጠየቀ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ጉንጬን ስሞ «ታኢ» አለኝ፤ ተቀመጥ ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ምሳ ቀረበ፤ ጫልቱ የገብሱን ጭኮ በቅቤ አርሳ ታጎርሰናለች፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን። በጉርሻው መሀል ገመቹ ድንገት ቀና ብሎ «በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። በዚያ ቤት እንግዳን የመሄጃ ሰዓቱን መጠየቅ ነውር ነው። እኔ ራሴ ገና ስደርስ «ነገ እሄዳለሁ» ብል የሚቆጣው እሱ ነበር። «በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና» አልኩ እንደምንም። ማደር አስቤ ነበር፤ ግን ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በኋላ ማን አፍ አለው? «ጥሩ» አለና ወደ ሚስቱ ዞሮ በኦሮምኛ «ጫማዬን አምጪልኝ» አላት።

ያን ጊዜ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ጫልቱ ጥቁሩን ጫማ፣ ንጹሕ ካልሲ፣ ያንን ቡናማ ኮት ይዛ መጣች። ልታግዘው ብትጎነበስ በደህናው እጁ ገፋ አደረጋት። ካልሲውን በአንድ እጁ ማጥለቅ ጀመረ። እየወደቀበት፣ እያነሳ፣ እየተነፈሰ። ቀኙን ጫማ ሲጨርስ ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ተኩል አልፏል። ግራው ደግሞ ገና ነው። ሰዓቱን የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሊያባርረኝ አልነበረም። ሊሸኘኝ ብሎ መዘጋጃ ጊዜውን እያሰላ ነበር። እኔ ሞኙ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተሳስቼ ልቀየመው ነበር።

ስምንት ተኩል ሲሆን ባርኔጣውን ደፍቶ ቆመ። «ኮቱ፣ እንሂድ» አለ፤ ና ማለቱ ነው። ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ምርኩዙን ያስቀድማል፣ ቀኙን ያስከትላል፣ ግራውን ይጎትታል። መሀል ላይ ስንደርስ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«ያን ቀን ጊንጪ ሁለት ሻይ አዝዤ ነበር።»

«ሰምቻለሁ፣ ገሜ።»

«ስኳሩን ሦስት ነበር ያደረግኩልህ።»

«ይቅር በለኝ። ለጉልበትህ አዝኜ ነው።»

«ለጉልበቴ!» አለ፤ ምርኩዙን መሬቱ ላይ መታ አደረገው። «እኔ ጉልበቴን ለምን እፈልገዋለሁ፣ ጓደኛዬን ካልሸኘሁበት? ደግሞ በካልሲ! ጫልቱ ጠዋት የእግርህን ዱካ ጭቃው ላይ አሳየችኝ። አንተ ሌባ ነህ እንዴ?»

ሣቅ መጣብኝ፤ እሱም መጣበት። ዕንባውም አብሮ መጣ፣ የማን ቀድሞ እንደመጣ አላውቅም። እየተደጋገፍን የአጥሩ በር ደረስን። «እንግዲህ የእኔ ጊንጪ ይቺ ናት» አለ በሩን በእጁ ይዞ። ተሳሳምን። ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። ወጥቼ ዞር ስል ግን ገመቹ ከበሩ ጋር ብቻውን ነው፤ ያን ሠላሳ እርምጃ ተመልሶ ሊሄድ ነው። እንዴት ብዬ ልሂድ? «ቆይ፣ እስከ ወንበርህ ልሸኝህ» አልኩና ተመለስኩ።

በረንዳው ጋ ደረስን። ወንበሩን ሳብ አደረግኩለት፤ አልተቀመጠም። «አንተ ሸኝተኸኝ ብቻህን አትመለስም» አለ፣ ያንኑ የልጅነት ነገሩን። ምርኩዙን አዞረ። እስከ በሩ ሄድን። እኔም እንደገና መለስኩት። ባጃጅ ነጂው መጀመሪያ ጥሩምባ ነፋ፣ ከዚያ ወርዶ አጥሩ ላይ ተደግፎ አየን፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጫልቱ በረንዳው ላይ ቆማ በመዳፏ አፏን ይዛ ትሥቃለች። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ገመቹ ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲል ሰዓቴን አየሁ፤ የዘጠኙ ቀርቶ የዐሥሩም መኪና ጊንጪን ሳያልፍ አልቀረም።

«መኪናው አመለጠኝ» አልኩ።

«አልጋው ከጠዋት ጀምሮ ተነጥፏል» አለች ጫልቱ።

ገመቹ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «ነገ እሸኝሃለሁ» አለኝ፤ ቀጠል አድርጎም፣ «ብቻ አንተ...» ብሎ እግሬን አየ። ገባኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ፣ አወለቅኩት፣ ሁለቱንም አስተካክዬ ከእሱ ወንበር ሥር አስገባሁለት። ደህናውን እግሩን አነሣና ላያቸው ላይ አሳረፈ።